ሳያሙ ወባን መሸከም

በአዳማና በአካባቢዋ የሚኖር ሰው ወባን አያውቅም ማለት ዘበት ነው። ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ፣ ዝናቡ ያቆረው ውኃም በየጉድጓዱና በየቦዩ ሲተኛ፣ «እገሌን ብርድ ብርድ አለው»፣ «የእገሊት ልጅ በትኩሳት ተኝቷል» የሚለው ወሬ ከጎረቤት ጎረቤት ይሰማል። እስከ ታኅሣሥ ድረስም ጋብ አይልም። ልጅ ያሳደገች እናት ሁሉ የበሽታውን ምልክት ለይታ ታውቀዋለች። መንቀጥቀጡ፣ ራስ ምታቱ፣ ቁርጥማቱ፣ ከዚያም ልብስ የሚያርሰው ላብ ማንም ሳይነግራት ይገባታል። ይህን ያየች እናት ልጇን አዝላ ወደ ጤና ጣቢያ ትሮጣለች። ደግ ታደርጋለች።

ይሁንና፣ ውድ አንባቢያችን፣ ዛሬ አንድ ጥያቄ ልናቀርብልዎ እንወዳለን። በቤትዎ ውስጥ ማንም ሰው አልታመመም እንበል። ሁሉም በልቶ ጠጥቶ፣ ሥራውን ሠርቶ በሰላም ተኝቷል። እንግዲያው በቤትዎ ወባ የለም ማለት ነውን?

ብዙዎቻችን ሳናመነታ «አዎን፣ የለም» እንላለን። ሳይንቲስቶች እዚሁ አዳማ ላይ ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት ግን መልሱ እንደዚያ ቀላል እንዳልሆነ አሳይቷል። ውጤቱ ባጭሩ ሲነገር፣ ወባን ወደ ትንኝ፣ በትንኝም አማካይነት ወደ ሌላው ሰው በብዛት የሚያዛምተው አልጋ ላይ የወደቀው በሽተኛ ሳይሆን፣ ምንም ሳያመው ተሐዋሲውን በደሙ ተሸክሞ የሚዞረው ሰው ነው የሚል ነው። ይህ ጉዳይ የቤተሰብን ጤና የሚጠብቁትን እናቶችና እኅቶች በቀጥታ የሚመለከት ስለሆነ በዛሬው ዓምዳችን ሰፋ አድርገን እንመለከተዋለን።

ስለ ተመራማሪዎቹ ጥቂት

በዓይን የማይታዩትን ጥቃቅን ሕያዋን የሚያጠናው የሳይንስ ክፍል ማይክሮባዮሎጂ ይባላል። ሰውነታችን እነዚህን ወራሪዎች እንዴት ለይቶ እንደሚያውቃቸውና እንዴት እንደሚመክታቸው የሚያጠናው ደግሞ ኢሚዩኖሎጂ ነው። ሁለቱ እንደ ድርና ማግ የተሳሰሩ ናቸው። ተሐዋሲውን ብቻ ያወቀ ሰው የበሽታውን ግማሽ ብቻ አወቀ ማለት ነው፤ ሌላው ግማሽ ያለው በታማሚው ሰውነት ውስጥ ነውና።

በአገራችን በእነዚህ ሁለት መስኮች ለረጅም ጊዜ ከሠሩት ተቋማት አንዱ አዲስ አበባ ውስጥ በአለርት ግቢ የሚገኘው አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ነው። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1970 ሥራ ሲጀምር ዓላማው የሥጋ ደዌን መመርመር ነበር። ስሙም የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1873 የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ካገኘው ከኖርዌያዊው ሐኪም ከገርሃርድ አርማወር ሐንሰን ነው።

የሥጋ ደዌ ለኢሚዩኖሎጂ ተመራማሪዎች ትልቅ ትምህርት የሰጠ በሽታ ነው። ያው ባክቴሪያ በአንዱ ሰው ቆዳ ላይ ጥቂት ነጣ ያለ ምልክት ብቻ ጥሎ ሲቀር፣ በሌላው ሰው መላ አካል ላይ ይሠራጫል። የልዩነቱ ዋና ምክንያት ባክቴሪያው ሳይሆን የሰውየው የመከላከል ኃይል መሆኑ ታውቋል። ተቋሙ ከጊዜ በኋላ ምርምሩን ወደ ሳንባ ነቀርሳ፣ ወደ ሌይሽማኒያሲስና ወደ ወባ ሲያሰፋ ይህንኑ ጥያቄ ይዞ ነው የሄደው። አንድ ዓይነት ተሐዋሲ አንዱን ሲጥል ሌላውን ለምን ይተወዋል? የተወው ሰውስ ለጎረቤቱ አያሰጋም ወይ?

ጥናቱ ለምን በአዳማ ተካሄደ?

አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በአገራችን ወባ በብዛት የሚታየው ከ2,000 ሜትር በታች ባሉ ቦታዎች ስለሆነ ከተማዪቱ በወባው ክልል ውስጥ ናት። በአቅራቢያዋ አዋሽ ይፈስሳል። እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ የጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ የሸንኮራ እርሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 የተመረቀው የቆቃ ግድብም በዚሁ አካባቢ ናቸው። መስኖና ግድብ ለአገር ልማት የሚሰጡት ጥቅም ከፍ ያለ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ውኃ ባለበት ትንኝ ትረባለች። ተመራማሪዎች በቆቃ ሐይቅ ዙሪያ ባደረጉት ጥናት ከዳርቻው በ3 ኪሎ ሜትር ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ራቅ ብለው ከሚኖሩት ይበልጥ በወባ እንደሚያዙ አረጋግጠዋል።

አገራችን ከወባ ጋር ያደረገችው ትግል ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 በተነሣው ታላቅ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1959፣ የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ። ያኔ ናዝሬት ትባል በነበረችው በዚህችው ከተማም የወባ ሠራተኞች የሚሠለጥኑበት ማዕከል ተከፍቶ ብዙ ባለሙያዎችን አፍርቷል። ከዚያ ወዲህ በሽታው አንዳንዴ ሲያፈገፍግ፣ አንዳንዴም ሲያንሠራራ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ብቻ በአገሪቱ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ሲመዘገቡ 1,157 ሰዎች ሞተዋል። እንግዲህ ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ አይደለም።

በአገራችን ሁለት ዓይነት የወባ ተሐዋስያን በብዛት ይገኛሉ። አንደኛው ፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረም የሚባለው፣ ቶሎ ካልታከሙት የሚገድለው ነው። ሁለተኛው ፕላዝሞዲየም ቫይቫክስ ሲሆን፣ ይህኛው እንደ ፋልሲፓረም ቶሎ ባይገድልም እየተመላለሰ ሰውን ያደክማል። በብዙዎቹ የአፍሪካ አገሮች ቫይቫክስ እምብዛም አይታይም። በእኛ አገር ግን ከወባ ሕሙማን መካከል ቀላል የማይባሉትን የሚይዘው እርሱ ነው። አዳማም ሁለቱን ዓይነቶች ጎን ለጎን ለማጥናት የምትመች ቦታ ሆነች።

ትንኞቹ እንዲመሰክሩ ተደረገ

የአርማወር ሐንሰን ተመራማሪዎች ከኔዘርላንድ የራድባውድ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ያደረጉት ነገር ለመረዳት አያስቸግርም። ሦስት ዓይነት ሰዎችን ለዩ። የመጀመሪያዎቹ አሟቸው ወደ ጤና ጣቢያ የመጡ የወባ ሕሙማን ናቸው። ሁለተኛዎቹ በየመኖሪያቸው ተገኝተው የተመረመሩ፣ ምንም የማያማቸው፣ ነገር ግን ደማቸው በማይክሮስኮፕ ሲታይ ተሐዋሲው የተገኘባቸው ናቸው። ሦስተኛዎቹም እንዲሁ ጤነኛ የሚመስሉ ሲሆኑ፣ በደማቸው ያለው ተሐዋሲ እጅግ ጥቂት ስለሆነ በማይክሮስኮፕ አይታይም። የተሐዋሲውን ዘር አባዝቶ በሚያሳየው ፒ.ሲ.አር. በሚባለው ረቂቅ ምርመራ ብቻ የተገኘባቸው ናቸው።

ከዚያም ከእያንዳንዱ ሰው ጥቂት ደም ተቀዳ። ደሙ በስስ ሽፋን በተወጠረ ትንሽ ዕቃ ውስጥ ሆኖ በሰውነት ሙቀት ልክ እንዲሞቅ ተደረገና ለትንኞች ቀረበ። ትንኞቹ አኖፌለስ አረቢየንሲስ የሚባሉት፣ በአገራችን ዋነኛ የወባ አስተላላፊ የሆኑት ናቸው። በላቦራቶሪ ውስጥ የተረቡ ስለሆኑ ቀድሞ ወባ የነካቸው አይደሉም። ትንኞቹ ሽፋኑን እንደ ሰው ቆዳ ወግተው ደሙን መጠጡ። ከተወሰኑ ቀናት በኋላ ሆዳቸው ተከፍቶ የወባ ተሐዋሲ ይዘው እንደሆነ በማይክሮስኮፕ ታየ። በዚህ መንገድ የትኛው ሰው ትንኝን እንደሚበክልና እንደማይበክል ትንኞቹ ራሳቸው መሰከሩ።

በቫይቫክስ ረገድ የተገኘው ውጤት የሚከተለው ነው። የሕሙማኑን ደም ከጠጡት ትንኞች ከመቶ 46 ያህሉ ተበከሉ። ሳያማቸው በማይክሮስኮፕ የተገኘባቸውን ሰዎች ደም ከጠጡት ደግሞ ከመቶ 12 ተበከሉ። በፒ.ሲ.አር. ብቻ የተገኘባቸውን ሰዎች ደም ከጠጡት ውስጥ ግን የተበከሉት ከመቶ አንድ እንኳ አልሞሉም።

እዚህ ላይ ቢቆሙ «ታዲያ አደገኛው በሽተኛው ነዋ!» ይሉ ይሆናል። ሰው በሰው ሲመዘን እውነት ነው። ነገር ግን ተመራማሪዎቹ ሌላም ነገር ቆጠሩ። በአንድ ወቅት በኅብረተሰቡ መካከል ከእነዚህ ሦስት ዓይነት ሰዎች ስንት ስንት ይገኛሉ? በሽተኛው ጥቂት ነው፤ ደግሞም ሲያመው ሄዶ ይታከማል። ሳያመው የተሸከመው ግን ብዙ ነው፤ የሚያስታምመው ነገር ስለሌለም ሳይታከም ይሰነብታል። ይህ ሁሉ በአንድነት ሲሰላ፣ ወደ ትንኝ ከሚተላለፈው የቫይቫክስ ወባ ውስጥ ከሕሙማን የሚመነጨው ከመቶ 8 ብቻ ሆነ። ከመቶ 76 ያህሉ ሳያማቸው በማይክሮስኮፕ ከሚታይባቸው፣ ከመቶ 16 ያህሉም በፒ.ሲ.አር. ብቻ ከሚገኝባቸው ሰዎች የሚመነጭ ነው። በፋልሲፓረምም ቢሆን የተበከሉት ትንኞች ቁጥር አነስተኛ ቢሆንም፣ አብዛኛው የተላለፈው ካልታመሙት ሰዎች ነው።

እናቶቻችን ማታ እሳቱን በአመድ ዳፍነው ያድሩ እንደነበር ያስታውሳሉ። ሲያዩት የጠፋ ይመስላል፤ ጠዋት ጎረቤት እሳት ልትጭር ብትመጣ ግን ፍሙ ከአመዱ ሥር አለ። የአዳማው ጥናት ያሳየው ወባም እንደዚሁ ነው። የሚንቦገቦገውን ነበልባል አይተን ውኃ እናፈስበታለን፤ የተዳፈነውን ግን ማንም አያየውም።

ሰውነት ለምን ዝም ይላል?

አንባቢያችን ሳይጠይቁ አይቀሩም። ተሐዋሲው በደም ውስጥ እያለ ሰውየው እንዴት ሳይታመም ይቀራል? የኢሚዩኖሎጂ ሊቃውንት ለብዙ ዓመታት የደከሙበት ጥያቄ ይህ ነው።

ሰውነታችን ወራሪን የሚያስታውስ ሠራዊት አለው። ኩፍኝን የመሰለ በሽታ አንድ ጊዜ ከያዘን በኋላ ብዙውን ጊዜ ዳግመኛ የማይዘን ይህ ሠራዊት ጠላቱን ስለማይረሳ ነው። የወባ ተሐዋሲ ግን ተንኮለኛ ነው። በሰውነታችን ውስጥ መልኩን ይለዋውጣል፤ ከጉበት ወደ ቀይ የደም ሕዋስ እየገባ ይሸሸጋል። ስለዚህ ሠራዊቱ ሙሉ በሙሉ ድል አያደርገውም። ሰውየው ደጋግሞ ሲያዝ ሰውነቱ ተሐዋሲው እንዳይበዛና እንዳይጥለው ማድረግን ይማራል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም። በሰውነትና በተሐዋሲው መካከል እንደ እርቅ ያለ ነገር ይፈጠራል። ሰውየው አይታመምም፤ ተሐዋሲውም አይሞትም።

ይህ እርቅ ግን ዋጋ አለው። ያላመመው ሰው ቀስ በቀስ ደሙ ሊያንስ፣ ድካም ድካም ሊለው ይችላል። ከወባማው ቦታ ርቆ ለረጅም ጊዜ ከኖረም ያ የተገኘው የመቋቋም ኃይል እየሳሳ ይሄዳል። ወደ ትውልድ መንደሩ ሲመለስ እንደ አዲስ ሊታመም ይችላል።

በተለይ ቫይቫክስ ሌላም ጠባይ አለው። ከፊሉ ተሐዋሲ በጉበት ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይነቃና አዲስ ትንኝ ሳትነድፍ በሽታውን መልሶ ያስነሣል። «ወባዬ ተነሣብኝ» የሚሉ ሰዎች ሐሰት አልተናገሩም። በዚህም ላይ ትንኝን የሚበክለው የቫይቫክስ ተሐዋሲ በደም ውስጥ የሚታየው ቶሎ ነው። በሽተኛው ወደ ጤና ጣቢያ ከመድረሱ በፊት ትንኟ ድርሻዋን ወስዳ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ክትባት የለውም ወይ? ይህም የብዙ ተመራማሪዎች ሥራ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 አርቲኤስኤስ የተባለውን፣ በ2023 ደግሞ አር21 የተባለውን ክትባት ለሕፃናት እንዲሰጥ መክሯል። ሁለቱም የሚሠሩት በፋልሲፓረም ላይ ነው። በጉበት ለሚተኛው ለቫይቫክስ ግን በሥራ ላይ የዋለ ክትባት የለም። ስለዚህ ቤተሰብ በእጁ ባለው መከላከያ መጠቀም ይኖርበታል።

ነፍሰ ጡርና ሕፃን

በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ሰዎች ወባን የመቋቋም ኃይላቸው እኩል አይደለም። አባት ወይም ጎልማሳ ልጅ ሳያመው የሚሸከመው ተሐዋሲ፣ ከጎኑ የተኛውን ሕፃን ሊገድል ይችላል። አዲስ የተወለደ ሕፃን ከእናቱ በማኅፀን ሳለ የወረሰው መከላከያ አለው። ይህ ግን ለጥቂት ወራት የሚቆይ ስንቅ ነው። ከዚያ በኋላ የራሱን እስኪገነባ ድረስ ባዶ እጁን ነው።

ነፍሰ ጡር ሴትም እንዲሁ ናት። ቀድሞ ወባን ተቋቁማ የኖረች ሴት እንኳ ስትፀንስ ትጋለጣለች። የፋልሲፓረም ተሐዋሲ በእንግዴ ልጁ ውስጥ ተጣብቆ መሸሸጊያ ስለሚያገኝ ነው። በዚህን ጊዜ የእናቲቱ ደም ያንሳል፣ ፅንሱ ሳይጠነክር ይቀራል፣ ሕፃኑም ክብደቱ አነስተኛ ሆኖ ሊወለድ ይችላል። ፅንስ ማስወረድም ሊከተል ይችላል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ሴት ትኩሳት ከተሰማት «የእርግዝና ነው፣ ያልፋል» ብላ መቀመጥ የለባትም። በዚያው ዕለት ትመርመር።

ከደጋ ለሚመጡ እኅቶች

በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በአብዛኛው ልብስና ጨርቃ ጨርቅ የሚመረትበት ሲሆን፣ እንደዚህ ባሉ ፋብሪካዎች ከሚሠሩት ውስጥ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። ከልዩ ልዩ አካባቢ ይመጣሉ። ሦስትና አራት ሆነው አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ ወጪ ተጋርተው ይኖራሉ። ከእነዚህ መካከል በደጋ ተወልዳ ያደገች፣ በዕድሜዋ የወባ ትንኝ ነድፋት የማታውቅ ልጅ ትገኛለች። የእርሷ ሰውነት ስለ ወባ የተማረው ነገር የለም። እዚሁ ተወልዳ ያደገችው የክፍል ጓደኛዋ ሳያማት የምትሸከመው ተሐዋሲ እርሷን በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊጥላት ይችላል።

እንዴት ቢሉ፣ መንገዱ እንደዚህ ነው። ሴቲቱ ትንኝ (የምትነድፈው ሴቲቱ ብቻ ናት፤ እንቁላሏን ለማፍራት ደም ያስፈልጋታልና) ዛሬ ማታ ከጤነኛዋ ልጅ ደም ትጠጣለች። ተሐዋሲው በትንኟ ሆድ ውስጥ አድጎ ወደ ምራቋ እስኪደርስ አሥር ቀን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ እንግዳዪቱን ልጅ ስትነድፍ ወባውን ታቀብላታለች። ከሌላ ሳምንት ወይም ሁለት ሳምንት በኋላ ልጅቱ ትኩሳት ይይዛታል። ከየት እንደመጣባት ማንም አያውቅም። በክፍሉ ውስጥ የታመመ ሰው አልነበረምና።

ስለዚህ ከደጋ የመጡ ሠራተኞች ሁለት ነገር እንዲያስታውሱ እንመክራለን። አንደኛ፣ ትኩሳት ሲሰማቸው ድካም ነው፣ ጉንፋን ነው ብለው ከፈረቃ ወደ ፈረቃ አያሳልፉት፤ ደማቸውን ያስመርምሩ። ሁለተኛ፣ ለበዓል ወይም ለዕረፍት ወደ አገራቸው ሄደው ቢታመሙ ወባ ባለበት አካባቢ እንደሚኖሩ ለሐኪሙ ይንገሩ። በደጋ ያለ ሐኪም ይህን ካልሰማ ወባን ላይጠረጥር ይችላል።

በበርሜል ውስጥ የምትፈለፈለው ትንኝ

እስካሁን የተናገርንላት አኖፌለስ አረቢየንሲስ የዝናብ ኩሬና የመስኖ ውኃ የምትወድ ናት። አሁን ግን ሌላ እንግዳ ተጨምራለች። አኖፌለስ ስቴፈንሲ ትባላለች፤ የመጣችው ከእስያ ነው። በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ነው። ከዚያ ወዲህ በድሬዳዋ፣ በአዋሽ ሰባት ኪሎ፣ በስምጥ ሸለቆዋ ሐዋሳም ታይታለች። ከአዋሽ ሰባት ኪሎ የተያዙትን ትንኞች የመረመሩ ሳይንቲስቶች ሁለቱንም የአገራችንን የወባ ዓይነቶች በደንብ እንደምትሸከም አረጋግጠዋል። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ 2022 በድሬዳዋ በተነሣው የወባ ወረርሽኝም ሕሙማን በተገኙባቸው ቤቶች ዙሪያ ይህችው ትንኝ መኖሯ ተረጋግጧል።

ይህች ትንኝ የከተማ ኑሮ የተመቻት ናት። ክዳን በሌለው በርሜል፣ በሮቶ፣ ሕንፃ በሚሠራበት ቦታ በተቆፈረ የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትፈለፈላለች። ዝናብ አትጠብቅም። ወባ የገጠር በሽታ ነው፣ ክረምት ካለፈ አይነካንም የሚለው አስተሳሰብ ለእርሷ አይሠራም። በአዋሽ ሰባት ኪሎ በኩል በሚያልፈው መንገድ ላይ ለምትገኘው አዳማና ለጎረቤቶቿ ለሞጆ፣ ለመቂና ለባቱ ይህ ቸል የማይባል ማስጠንቀቂያ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በርሜል መሙላት ግድ ነው። በርሜሉን መክደን ግን የእኛው ፈንታ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ስለ አጎበር ያለንን አስተያየት እንለውጥ። በብዙ ቤት አጎበር የሚሰቀለው ለሕፃኑና ለእናቲቱ ነው። ጎልማሳው «እኔን ወባ አይነካኝም» ብሎ ውጭ ይተኛል። አጎበሩ ጥቂት ከሆነ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ቅድሚያ መስጠቱ ትክክል ነው። ነገር ግን ከአዳማው ጥናት እንደተረዳነው፣ አጎበር ትንኝ ወባ እንዳታመጣብን ብቻ ሳይሆን ከእኛም ወባ እንዳትወስድ ይከላከላል። «አይነካኝም» የሚለው ጎልማሳ አጎበር ውስጥ ሲተኛ የሚጠብቀው ከጎኑ ያለውን ልጁን ነው። ስለዚህ ለቤተሰቡ ሁሉ የሚበቃ አጎበር እንዲኖር ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ይመካከሩ። የተቀደደውን ይስፉ። ለእህል መሸፈኛና ለአጥር አያውሉት።

ሁለተኛ፣ የታዘዘውን ክኒን ይጨርሱ። ለፋልሲፓረም ለሚሰጠው ኮአርተም መነሻ የሆነው አርቴሚሲኒን የተባለው ንጥረ ነገር ቻይናዊቷ ሳይንቲስት ቱ ዩዩ ከባልደረቦቿ ጋር ከአንድ ቅጠል አንጥራ ያገኘችው ሲሆን፣ ለዚህ ሥራዋ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀብላለች። በቫይቫክስ ለተያዘ ሰው ደግሞ ትኩሳቱን ከሚያበርደው መድኃኒት በተጨማሪ ጉበት ውስጥ የተኛውን ተሐዋሲ የሚገድል ፕሪማኩዊን የሚባል ክኒን ይታዘዛል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ለ14 ቀናት የሚወሰድ ነው። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በሽተኛው በሦስተኛው ቀን ይሻለዋል፤ በአምስተኛው ቀን ክኒኑን ይረሳዋል። የተረፈውም መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥና ለሌላ ሰው ይሰጣል። ይህ ሁለት ጊዜ ያስጎዳል። ያልጨረሰው ሰው ወባው ይነሣበታል፤ ለሌላው የተሰጠው ክኒን ደግሞ አደጋ ሊያደርስ ይችላል። ፕሪማኩዊን ለነፍሰ ጡር፣ ከስድስት ወር በታች ለሆነ ሕፃንና ይህን ዕድሜ ያልሞላ ሕፃን ለምታጠባ እናት አይሰጥም። በተፈጥሮ ደማቸው መድኃኒቱን የማይችል ሰዎችም አሉ። ስለዚህ ከሐኪም ትእዛዝ ውጭ ለማንም አይስጡት። በቤትዎ መድኃኒት የጀመረ ሰው ካለ ቀኑን በወረቀት ጽፈው ግድግዳ ላይ ቢለጥፉና በየዕለቱ ቢያጠፉት ይረዳል።

ሦስተኛ፣ ውኃዎን ይመልከቱ። ትንኝ ከእንቁላል ተነሥታ ለመብረር የሚወስድባት ጊዜ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ያህል ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ልብስ በሚታጠብበት ዕለት፣ በርሜሉን ገልብጦ ውስጡን መፈተግና መክደን ይህን ዕድገት ያቋርጣል። ክዳን ከሌለ ጠበቅ ያለ ሻሽ ወይም ያረጀ ነጠላ በገመድ ወጥሮ ማሰር ይቻላል። አሮጌ ጎማ፣ የተጣለ ጣሳ፣ ውኃ ያቆረ ላስቲክ ከግቢ ይወገድ።

አራተኛ፣ አረቢየንሲስ ከቤት ውጭም፣ ከምሽት ጀምሮም እንደምትነድፍ አይርሱ። በረንዳ ላይ ቡና ሲጠጣና ሲጫወቱ ሲያመሹ ክንድንና እግርን የሚሸፍን ልብስ መልበስ፣ ለልጆችም ማልበስ ጥሩ ነው።

አምስተኛ፣ የጤና ሠራተኞች ወይም ተመራማሪዎች ወደ ግቢዎ መጥተው «ያልታመመውንም እንመርምር» ሲሉ አይገረሙ። «ጤነኛ ሰው ምን ይመረመራል? ደማችንን ምን ሊያደርጉት ነው?» የሚል ቅሬታ እንደሚሰማ እናውቃለን። ዓላማው ምን እንደሆነ መጠየቅ መብትዎ ነው፤ አስረድተው ፈቃድዎን መቀበልም የእነርሱ ግዴታ ነው። የሚፈልጉት ግን ያንን የተዳፈነውን ፍም መሆኑን አሁን ተረድተዋል።

ውድ አንባቢያችን፣ የሳይንቲስቶች ሥራ በላቦራቶሪ ተጀምሮ በመጽሔት ላይ ታትሞ ሲያበቃ የቤተሰብ ሥራ ይጀምራል። እነርሱ የተሸሸገውን ተሐዋሲ በረቂቅ መሣሪያ ያገኙታል። አጎበሩን አውርዶ ልጆቹን የሚያስተኛው፣ ክኒኑን ቆጥሮ የሚሰጠው፣ በርሜሉን የሚከድነው ግን በቤት ያለው ሰው ነው። ይህም ሸክም በእናት ትከሻ ላይ ብቻ መውደቅ የለበትም። ጤነኛ ነኝ የሚለው አባት፣ ጎልማሳው ልጅ፣ በአንድ ክፍል የሚኖሩት ጓደኛሞች ሁሉ ድርሻ አላቸው፤ ወባው በእነርሱም ደም ውስጥ ሊኖር ይችላልና። እንግዲህ ዛሬ ማታ ከመተኛትዎ በፊት በቤትዎ ውስጥ ከአጎበር ውጭ የሚያድር ሰው እንዳለና እንደሌለ ይመልከቱ። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው።